የጽናት ሰላምታ

ስለ ጽናት ሁለት ወሬ ነበር።

አንደኛው ከአያቷ ከአቶ ጌጡ ቤት የወጣው ነው። በዚህኛው ወሬ ጥፋቱ የእናቷ የዓለሚቱ ነው። ዓለሚቱ አራስ ሳለች፣ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ ሰማንያውን ቀን ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ሕፃኗ የእናት ፊት በደንብ ሳታይ ክርስትና ተነሣች፤ ያን ጊዜ ያላወቀችውን ኋላ ማን ያሳውቃት? እነሆ አምስት ዓመት ሞልቷት ስሟን ሲጠሯት አትዞርም፤ ሰው ቢመጣ ሰውየውን አልፋ ከኋላው ያለውን ምሰሶ ታያለች። ወሬው አጭር ነው፣ ለመናገርም ይመቻል፤ ስለዚህ ከሰፈሩ ተነሥቶ መሃል ሜዳ ገበያ ለመድረስ ሁለት ሳምንት አልፈጀበትም።

ሁለተኛው ወሬ ውሃ መቅጃው ዘንድ በሹክሹክታ የሚነገር ነው። የሚናገሩትም የዓለሚቱ ባልንጀሮች ናቸው። በእነሱ ወሬ ፊቷን ያዞረችው ሕፃኗ ራሷ ናት። እናቷ ስታጠባት ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች፤ ስታቅፋት እንደ እንጨት ትገተራለች፤ ስታጫውታት ሌላ ልጅ የምታጫውት ይመስል ዝም ትላለች። እናት ጠራች፣ አዜመች፣ አለቀሰች፤ ልጅ አልዞረችም። ይህኛው ወሬ ግን ከእንስራው ጋር ወደየቤቱ ይገባና እዚያው ይቀር ነበር።

አቶ ጌጡ በአገሩ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። የተኳረፈ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፉ ወንድማማቾች፣ በግጦሽ የተጋጩ መንደሮች ሳይቀሩ በእሳቸው ፊት ቆመዋል። ሁለቱን ወገን ሳይሰሙ ከአፋቸው አንዲት ቃል አትወጣም። በገዛ የልጅ ልጃቸው ነገር ግን የሚያውቁት አንዱን ወሬ ብቻ ነበር። እሱንም ከማንም አልሰሙትም፤ መጀመሪያ ያወሩት ራሳቸው ናቸው።

ነገሩ የከረረው በጥር ሃያ አንድ ማኅበር ላይ ነው። ተራው የእሳቸው ነበርና ቤቱ በማኅበርተኛ ሞልቷል። በመንዝ ልጅ ሲያድግ ከሁሉ በፊት የሚማረው ጎንበስ ብሎ የታላቅ ጉልበት መሳም ነው። ጽናት ግን ተማሪ አልሆነችም። ያን ቀን ሰው ሁሉ እያየ ሴቶቹ አንገቷን ይዘው ወደ መምሬ ወልደ አማኑኤል ጉልበት አጎነበሷት። ልጅቷ ጩኸቷን ለቀቀችው። ስትወራጭ እግሯ የማኅበሩን ጽዋ መታና ጽዋው ተደፋ። መምሬ "ሕፃን ናት፣ ተዉአት" አሉ። ግን በቤቱ ውስጥ የወደቀው ዝምታ ለአቶ ጌጡ ከጩኸቱ ይበልጥ ከበዳቸው።

ያን ሌሊት ቁርጥ አደረጉ። ራቤል አጠገብ ካለ ገዳም የመነኮሱ እኅት አሏቸው፤ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ይባላሉ። ጽናትን ለእሳቸው ይሰጧታል። እዚያው ጸበል እየተጠመቀች፣ የእናቷን ፊት ሳታይ ሁለት ዓመት ትቆያለች። የተበላሸው በእናቷ ፊት ከሆነ በአዲስ ፊት ይቃና ይሆናል። አባቷ ምንይሉ ለሥራ ደብረ ብርሃን ስለ ነበር የሚቃወም አልነበረም። ዓለሚቱ ግን በጉዞው ዕለት ከበሩ ላይ ተደፍታ ለመነች። "ተመለሺ" አሏት፤ የልጅቷን ወገብ በመቀነት ከኮርቻው አስረው በቅሏቸውን እየሳቡ ወጡ።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በሁለተኛው ዓመት፣ በመጋቢት መጀመሪያ ነው። የበልግ ጉም ወርዷል።

ጓሳ ከሚባለው የደጋ ሜዳ ሲደርሱ ጉሙ ምድሩን ዋጠው። መጀመሪያ ጋራው ሄደ፣ ቀጥሎ መንገዱ፤ ረጃጅሞቹ የደጋ ተክሎች፣ ጅብራዎቹ፣ ነጭ ለብሰው እንደ ቆሙ መነኮሳት አንድ በአንድ ብቅ እያሉ ጠፉ። አቶ ጌጡ ከሚስቡት ልጓም አልፈው ማየት አቃታቸው። እግራቸው የሚረግጠው መሬት ይሁን ደመና አይለይም። በሕልም እንደሚሄድ ሰው ያሉበትን ሳያውቁ ወደ ፊት ብቻ ሄዱ። አንድ ነገር ግን አስተዋሉ። ከቤት ከወጡ ጀምሮ "እምምም" እያለች ስትቃትት የነበረችው ጽናት ዝም ብላለች። ዞር ብለው ከኮርቻው ተጠግተው አዩአት። ሁለቱን መዳፎቿን ከፍታ ጉሙን በጣቶቿ መሃል ታሳልፈዋለች። ፊቷ እንደዚያ ተረጋግቶ አይተውት አያውቁም።

ያዳናቸው ሽታ ነበር፤ የጭስ ሽታ። ተከትለውት ሲሄዱ የጓሳው ጠባቂ ትዕዛዙ ጎጆ በር ላይ ደረሱ።

"ግቡ ጋሽ ጌጡ፣ ግቡ!" አለ ትዕዛዙ በሩን ከፍቶ። "ዛሬ ጉሙ ማንንም አያሳልፍም። ቅድም እንኳ እኔው ራሴን ፈልጌ አጣሁት።"

"አንተ መች ጠፍተህ ታውቃለህ" አሉ አቶ ጌጡ፤ ልጅቷን ፈትተው አወረዱና ገቡ።

ብዙም ሳይቆይ ውጭ ሌላ ድምፅ ተሰማ። አንድ ቀጠን ያለ ወጣት ሻንጣውን ተሸክሞ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ተለድፎበት ብቅ አለ። የመጣበት አይሱዙ መኪና ጎማውን ጭቃ ይዞት ቆሞ ነው በእግሩ ያዘገመው።

"መምህር ነህ፣ አይደለም?" አለው ትዕዛዙ ገና ሳያስቀምጠው።

"በምን አወቅክ?"

"በጫማህ። እንዲህ ያለ ጫማ አድርጎ ጓሳ የሚመጣ ወይ መምህር ነው ወይ ሙሽራ።"

ወጣቱ ሳቀ። በዕውቀቱ ይባላል፤ የሞላሌ ልጅ ነው። ኮሌጅ ገብቶ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተምሯል፤ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ እንደ ጽናት ያሉ ልጆች በሚማሩበት ቤት ሠርቷል። አሁን ራቤል ተመድቦ ወደዚያው መሄዱ ነበር። አቶ ጌጡን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ ጠየቁት፣ ነገራቸው፤ አባቱን ያውቋቸዋል። ጨዋታው በዚህ ተጀመረ።

ጽናት በበኩሏ ከጥጉ የጓሳ ሣር ክምር ፊት ተቀምጣ ነበር። አንድ አንድ ዘለላ እየመዘዘች መሬቱ ላይ ትደረድራለች፤ ረጅሙ ከአጭሩ ጎን፣ አጭሩ ከዚያ ከሚያንሰው ጎን። በዕውቀቱ ጥቂት አያትና ተነሥቶ ክንድ ያህል ርቆ ተቀመጠ። አላናገራትም፤ ፊቷንም አላየም። አንድ ዘለላ መዝዞ ከድርድሩ መጨረሻ አኖረ። ጽናት አንሥታ ወረወረችው። ሌላ፣ ከፊተኛው ያጠረ ፈልጎ አኖረ። ይህንን ተወችለት።

"እንግዳ ሆነህ ከሕፃን ጋር ሣር ትለቅማለህ?" አሉ አቶ ጌጡ ፈገግ ብለው። "አትድከም ልጄ። አትሰማም።"

"ትሰማለች አባቴ። ቅድም እኔ ስመጣ በቅሎዋ ስታሽካካ ከናንተ ሁሉ ቀድማ ቀና ያለችው እሷ ናት። ትዕዛዙ ሻንጣዬን ሲቀበለኝ ነገረኝ።"

"በቅሎ ትሰማለች። ሰው ነው የማትሰማው።"

"ሰው ስንት ነገር በአንድ ጊዜ ይናገራል አባቴ። አፉ ይናገራል፣ ዓይኑ ይናገራል፣ እጁ ይናገራል፣ ቅንድቡ ይነሣል። እኔና እርስዎ ሳንማር እንለየዋለን። ለእሷ ግን ይህ ሁሉ በአንድ ላይ ሲመጣባት ገበያ መሃል ቆማ አሥር ሰው እንደሚጠራት ነው። ጉሙ ሲወርድ አልተረጋጋችም?"

አቶ ጌጡ ደነገጡ። ይህን ለማንም አልተናገሩም። "ተረጋግታለች" አሉ ቀስ ብለው።

"ጉም ውስጥ የሰው ፊት የለማ።"

በበሩ ክፍተት ጉሙ እየገባ ከጭሱ ጋር ይቀላቀላል፤ የቱ ጭስ፣ የቱ ጉም እንደ ሆነ አይታወቅም ነበር። ሽማግሌው ነገራቸውን ለእንግዳ መናገር የማይወዱ ሰው ናቸው። ግን እንዲህ ያለ ቀን የሰውን ልብ ያላላል፤ ነገ ፀሐይ ስትወጣ የተባለው ሁሉ አብሮ የሚተን ይመስላል። ስለ ጽዋው ነገሩት። ስለ ሰማንያው ቀን ነገሩት። ወደ እማሆይ ወለተ ሥላሴ እየወሰዷት መሆኑንም ነገሩት።

በዕውቀቱ እስከ መጨረሻው አላቋረጣቸውም። ሲጨርሱ፦ "አባቴ፣ ባላወቀ አንደበቴ ባጠፋ ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልንገርዎ" አለ። "ይህ አፈጣጠር ኦቲዝም ይባላል።"

"የፈረንጅ በሽታ ነው?"

"ስሙ ነው የፈረንጅ። ልጆቹ ግን በየአገሩ አሉ፤ መንዝም አሉ፣ ግሼም አሉ። አብዛኞቹን ቤት ውስጥ ደብቀናቸው ነው የማናያቸው። በሽታም አይደለም፤ አይተላለፍም፣ ታክሞም እንደ ጉንፋን አይወጣም። አእምሮዋ ከማኅፀን ጀምሮ የተሠራበት መንገድ ከኛ ይለያል። እናቷ ስትወልዳት ይዛው ነው የመጣችው።"

"እሱን ተው" አሉ አቶ ጌጡ፤ ድምፃቸው ጠነከረ። "እኔ ሰባት ልጆች አሳድጌያለሁ። ልጅ ሰው የሚሆነው በሰው ፊት ነው። እናቱ ስትስቅ ይስቃል፤ ስትጠራው ይዞራል። ያ ከሌለ ምኑን ይማራል?"

"ልክ ነዎት።"

ሽማግሌው ክርክር ጠብቀው ነበርና ግራ ገባቸው። "ልክ ነኝ?"

"ልክ ነዎት። ልጅ የሚያድገው በመቀባበል ነው። ያለው ነገር ይመለስለታል፤ የተመለሰለትን ደግሞ መልሶ ይልካል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው።"

ትዕዛዙ እሳቱን እየቆሰቆሰ ጣልቃ ገባ። "ጭላዳዎቹም እንደዚያው ናቸው እኮ። ግልገሏ ከእናቷ ደረት ሆና ትንሽ ጮኽ ካለች እናቷ ከንፈሯን እያማታች ትመልስላታለች። ቀኑን ሙሉ አይደክማቸውም።"

"አንተ ደግሞ ልጄን ከዝንጀሮ ጋር!" አሉት አቶ ጌጡ።

"ኧረ ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ከሰው ይልቅ እነሱን ነው የማየው። የሚስቴን ዓመል እንኳ እንደነሱ አላውቀውም።"

አቶ ጌጡ ሳይወዱ ሳቁ። በዕውቀቱም ስቆ ቀጠለ፦ "ትዕዛዙ ያለው ራሱ ነው። አሁን ጽናትን እንይ። እሷም ትልካለች አባቴ። ግን የምትልከው እኛ እንደምንጠብቀው አይደለም። ያንን ሬዲዮ አዩት?" መደርደሪያው ላይ ወዳለችው የትዕዛዙ ሬዲዮ አመለከተ። "ጓሳ ላይ ጣቢያ ሲፈልጉ ቁልፉን በፀጉር ልክ እያዞሩ አይደለም? ትንሽ ካለፉት የለም። ጣቢያው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ የሚያዝበት ቦታ ጠቦ ነው። የጽናት ጥሪ እንደዚያ ነው። ጥሪው ሲጠፋብን እኛም መመለስ እንተዋለን። እኛ ስንተው እሷም ትተዋለች። ከአፈጣጠሯ ይልቅ ልጅቷን የሚጎዳት ይኼ ዝምታ ነው።"

"ምን ትልካለች? ምንም አትልክም! እኔን አያቷን እንኳ አታውቀኝም።"

"ማታ ቤት ሲገቡ ምን ታደርጋለች?"

"ምንም። ሁለት ዓመት ይሆናታል፣ መጥታ የበርኖሴን ጠርዝ ትይዝና በአውራ ጣቷ ታሸዋለች። ክፉ መንፈስ ነው እንዲህ የሚያደርጋት ይላሉ ሴቶቹ። እኔም እነጥቃታለሁ።"

"የሌላ ሰው በርኖስስ ታሻለች?"

አቶ ጌጡ የቤታቸውን ግድግዳ በልባቸው አዩት። ቤታቸው ስንት እንግዳ ያድራል፤ ስንት በርኖስ በየግድግዳው ይሰቀላል። አንድ ማታ የእሳቸውና የመምሬ በርኖስ ጎን ለጎን ተሰቅሎ ነበር፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ከአንድ ሸማኔ እጅ የወጡ። ልጅቷ የመምሬን አልፋ መጥታ የእሳቸውን ያዘች። አይተዋል። ያን ጊዜ ግን ምንም አልመሰላቸውም።

"የሌላ አታሽም" አሉ።

"እንግዲያው እሱ ነው ጉልበት መሳሟ።"

ሽማግሌው በርኖሳቸውን ወደ ጭናቸው ሰብስበው ጠርዙን አዩት። አንድ ቦታ ላይ ሱፉ አልቆ እንደ ሳንቲም ለስልሷል። ይህን ቀዳዳ ሊሆን የደረሰ ልስላሴ ኮርቻ የፋቀው ነበር የሚመስላቸው። ስንት ማታ ይሆን? እያንዳንዱን ማታ ቆጥረው ለመድረስ የሞከሩ ያህል ጣታቸው እዚያው ላይ ቆየ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅቷ በየማታው "እንዴት ዋሉ" እያለቻቸው፣ እሳቸው በየማታው እየነጠቋት። ጉሙ በሩን ዘግቶታል፤ ጎጆዋ ከዓለም ተለይታ በአየር ላይ የምትንሳፈፍ መሰለቻቸው።

ሰው ባህሉን ሲወድ ባህሉ የተሠራበትን ምክንያት የሚረሳበት ጊዜ አለ። ጉልበት መሳም የከበረው አክብሮት ስለሚያሳይ ነው፤ አክብሮት በሌላ መልክ ሲመጣ ግን በሩ ላይ እንደ ቆመ እንግዳ ሳናስገባው ይቀራል። በአቶ ጌጡም የደረሰው ይኸው ነው፤ በሳቸው ብቻ ደግሞ አይደለም።

አቶ ጌጡ በርኖሳቸውን ለቀቁና፦ "ጸበሉንስ ልትከለክለኝ ነው?" አሉ። ጥያቄው የተሸነፈ ሰው የመጨረሻ ምሽግ ይመስል ነበር።

"ጸበሉን አልነካም አባቴ፤ እኔም ተጠማቂ ነኝ። የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱባት ለእሷ እንደ እሳት ነው፤ አስቀድመው ይንገሯት፣ እጇን ያስነኩት፣ ቀስ ይበሉ። ሁለተኛ፣ ከእናቷ አይለይዋት።"

"እናቷ ናት እኮ ያበላሸቻት!"

"አይደለችም። ፈረንጆቹም ቢሆኑ፣ የተማሩት ሐኪሞቻቸው ጭምር፣ እንደ እርስዎ ያሉበት ዘመን ነበር። ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ልቧ ስለ ቀዘቀዘ ነው እያሉ ስንቷን እናት አስለቀሱ። ኋላ ሲመረመር ሐሰት ሆኖ ተገኘ። የናንተ ስሕተት የዓለም ስሕተት ነበር፤ ዓለም ተመልሷል፣ እኛ ብቻ መቅረት የለብንም።"

"አንተ ከየት አወቅህ? ከመጽሐፍ?"

በዕውቀቱ አንድ ዘለላ ሣር መዝዞ ከጽናት ድርድር ጨመረ፤ ልጅቷ እጁን ሳይሆን ዘለላውን አይታ በጥቂቱ አስተካከለችው።

"የአክስቴ ልጅ ነበረች፤ የትምወርቅ። ስድስት ዓመት ሲሆናት ሦስት ቃል ነበራት። 'ውሃ'፣ 'እምዬ'፣ 'ዶሮ'። ሦስቱንም ለአክስቴ ብቻ ነው የምትናገረው። እንደ ጽናት ነበረች፤ ትለምዳለች ተብላ ቀየት ለሚኖሩ ዘመዶች ተሰጠች። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብልተዋታል፣ አልብሰዋታል። ግን ቃሏ በምን ድምፅ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ስትመለስ ከሦስቱ አንዱም አልነበረም። አክስቴ እስካሁን ዶሮ ባየች ቁጥር ታለቅሳለች። እኔ ይህን ትምህርት የመረጥኩት ለዚያ ነው።"

ትዕዛዙ እሳቱን መቆስቆስ ተወ።

"እኔ ጋ ብትቀርስ ትናገራለች?" ጠየቁ አቶ ጌጡ።

"አላውቅም።"

"አላውቅም?"

"ከዋሸሁዎት ከስድስት ወር በኋላ ይጥሏታል። አንዳንዱ ልጅ ይናገራል፤ አንዳንዱ በምልክት ይግባባል፤ አንዳንዱ ዝም ይላል። የማውቀው ይህን ነው። የሚያውቋት ሰዎች በየቀኑ የምትልከውን ሲመልሱላት አንድ እርምጃ ትጨምራለች። በርኖሱን ስትይዝ ይቀመጡላት፤ 'ጽናት እንዴት ዋልሽ' ይበሏት፤ መልስ አይጠብቁ። ሣር ስትደረድር አብረው ይደርድሩ። ሊያወጧት ሲሉ 'አሁን ልንወጣ ነው' ብለው አስቀድመው ይንገሯት፤ ድንገተኛ ነገር ያስፈራታል። ልጆች በጭፍራ አያምጡባት፤ ረጋ ያለች አንዲት የጎረቤት ልጅ ፈልገው አጠገቧ ያስቀምጡ፤ አንዷን ስትለምድ ሁለተኛዋን። ዓይኔን እዪ ብለው አገጯን አይያዙ። ዓይን የሚመጣው ልብ ሲያርፍ ነው። የማኅበር ቀን ደግሞ ጸጥ ያለ ጥግ ይስጧት። ያን ካደረጉ ጩኸቱ ይቀንሳል፤ እናቷ እንቅልፍ ታገኛለች፤ ሰፈሩም ልጅቷን መፍራት ትቶ ያውቃታል። አድጋ ሱፍ ብትፈትል፣ ገብስ ብትለቅም፣ ሰው ሆና በሰው መሃል ትኖራለች። ለዚህ ሁሉ መነሻዋ ግን አሁን የምታውቀው ሰው ነው። እሱን ከወሰዱባት ከየት ትጀምራለች?"

አቶ ጌጡ በሽምግልና ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ከዘራቸውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አቁመው አገጫቸውን አሳረፉበት። በዕውቀቱ ጥቂት አመነታና፣ ድፍረቱን ሰብስቦ፦

"አባቴ፣ እርስዎ አስታራቂ ነዎት ይላሉ። የዓለሚቱን ቃል ሰምተው ያውቃሉ?" አለ።

ለዚህ ጥያቄ የመጣው መልስ ከሽማግሌው አፍ አልነበረም። ከውጭ፣ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሳል ተሰማ። ትዕዛዙ ወጥቶ ሲመለስ አንዲት ሴት ይዞ ነበር፤ ነጠላዋ ረጥቦ ከትከሻዋ ተጣብቋል፤ እግሯ ጭቃ ብቻ ነው። ዓለሚቱ ነበረች። በበቅሎዋ ኮቴ ድምፅ እየተመራች ከቤቷ ጀምሮ ተከትላ መጥታለች። እንዳይመልሷት ፈርታ ከጎጆዋ ጀርባ ቆማ ነበር።

ጽናት ቀና አላለችም። ግን "እምምም" አለች፤ ዓለሚቱም ከበሩ ሆና በዚያው ዜማ፣ በዚያው ልክ "እምምም" ብላ መለሰችላት። ልጅቷ አንድ ጊዜ ደገመች፤ እናቷም ደገመች። ማንም ያስተማራት አልነበረም። በዕውቀቱ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትዕዛዙ አቶ ጌጡን በክርኑ ነካ አድርጎ ሊናገር ሲል በዓይናቸው ዝም አሰኙት።

"ዓለሚቱ፣ ነይ ከእሳቱ ቅረቢ" አሉ ሽማግሌው። "ቀርበሽም ተናገሪ። አራስ ሳለሽ ፊትሽን ለምን አዞርሽ?"

ዓለሚቱ መሬት መሬቱን እያየች ቆመች። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። "እትዬ ጌታነሽ ያውቃሉ ጋሼ" አለች የአማቷን ስም ጠርታ። "ትኩሳት ይዞኝ ነበር። አጠገባችን አንዲት አራስ በዚያው በሽታ ከነልጇ ሞታ ሰማሁ። ትንፋሼ እንዳይነካት ብዬ ሳጠባት ፊቴን አዞርኩ። አጥብቼ ስጨርስ ለእትዬ እሰጣታለሁ። ስድን ደግሞ ልዞርላት ብል እሷ አትዞርም። በኔ ነው አልኩ። እርስዎም በኔ ነው አሉ። ሁለታችንም ካልን እውነት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

"በሽታው በስንተኛው ቀን ለቀቀሽ?" ጠየቀ በዕውቀቱ በቀስታ።

"በሃያኛው።"

"የሰማንያ ቀን ወሬ ነው የተወራው" አለ ትዕዛዙ።

"ወሬ ሲሄድ ይወፍራል" አሉ አቶ ጌጡ፤ ድምፃቸው ሰለለ። "ያወፈርኩትም እኔ ነኝ።"

በዕውቀቱ ወደ ዓለሚቱ ዞሮ፣ ሃያም ይሁን ሰማንያ፣ ልጅቷን እንዲህ ያደረጋት የእሷ ፊት እንዳልሆነ ለሁለተኛ ጊዜ ተናገረ፤ በሽማግሌው ፊት፣ ጮክ ብሎ፣ እንድትሰማው። ዓለሚቱ አላለቀሰችም። ወገቧን ሳትዘረጋ ብዙ ዓመት የተሸከመች ሰው ሸክሙን ሲያወርዱላት ለጊዜው ቀጥ ብሎ መቆም እንደሚያቅታት፣ ምሰሶውን ይዛ ተደገፈች።

ውጭ ጉሙ መሳሳት ጀመረ። መጀመሪያ አንዲት ጅብራ ታየች፤ ቀጥሎ በቅሎዋ፤ ቀጥሎ ሁለት መንገዶች፣ አንዱ ወደ ራቤል የሚወጣው፣ አንዱ ወደ መሃል ሜዳ የሚመለሰው። አቶ ጌጡ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። የሽምግልና ቃላቸውን ሲሰጡ እንደ ልማዳቸው በርኖሳቸውን በትከሻቸው አስተካክለው ከበሩ ቆሙ።

"ትዕዛዙ፣ አንተም መምህር፣ እማኝ ሁኑኝ" አሉ። "ሁለቱን ወገን ሰምቻለሁ። በዚህ ነገር ዓለሚቱ ጥፋት የለባትም፤ ልጅቷም ጥፋት የለባትም። በዳዩ እኔ ነኝ። ካሳውንም እኔው እቆርጣለሁ። ራቤል አልሄድም። በመጪው ማኅበር፣ መምሬ ባሉበት፣ ወሬውን ባወራሁበት አፌ ሐሰት ነበር ብዬ እናገራለሁ። ጽናት ከእናቷ ጋር በቤቴ ትኖራለች፤ ጉልበቴን ሳሚ የሚላት ሰው ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ይነጋገራል። ዓለሚቱ፣ በቅሎዋ ላይ ውጪና ልጅሽን ታቀፊያት፤ እኔ በእግሬ እስባችኋለሁ።"